የግማሽ ዋጋ ቁልፍ

የጋሽ ሸምሱን ሞት የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘነበች ናት። ክፉ ወሬ በሌላ ሰው አፍ ደርሶኝ አያውቅም። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ሰማሽ አስካለ? ያ ቁልፍ ቀራጭሽ ዐረፉ አሉ" አለችኝ። "ቁልፍ ቀራጭሽ" ነው ያለችው፤ ለጅማ ሰው ሁሉ ሲቀርጹ እንዳልኖሩ፣ የእኔ ብቻ እንደሆኑ። ነፍስ ይማር ብዬ ገባሁና በሬን ቆለፍኩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ቆሜ እጄ ላይ የቀረውን ቁልፍ ሳየው ቆየሁ። እሳቸው የሠሩት ቁልፍ ነው። የዋጋው ግማሽ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። እንዲከፈል ብዙ ደክሜያለሁ፤ አልሆነም። አሁን ደግሞ ተቀባዩ ሞቱ።

ሰው ሲሞት መልካም መልካሙ ይነሣል። ይነሣ፣ አልከለክልም። እኔ ግን ጋሽ ሸምሱን የማልረሳቸው ስለ መልካምነታቸው ብቻ አይደለም። ቂምም አለኝ። ሁለቱን መለየት ስለማልችል እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ሱቃቸው እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ወደ ጨርቅ ተራው ሲታለፍ፣ በሁለት ትልልቅ ሱቆች መሀል የተሸጎጠ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቆምበትም። ጠረጴዛው ላይ ሞርሳ ታስሯል፣ ግድግዳው ላይ ሞረዶች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰድረዋል፣ ከጣሪያው ፋኖስና ጃንጥላ ተንጠልጥሏል። ቡታጋዝ ይጠግናሉ፣ የሻንጣ መቆለፊያ ያበጃሉ፣ የዛገ ጓጉንቸር ይፈታሉ። ዋናው ሥራቸው ግን ቁልፍ መቅረጽ ነበር። በደርግ ጊዜ ዕቃ ከአዲስ አበባ መምጣት ሲያቆም ከማንኪያ እጀታ ቆርጠው ይቀርጹ ነበር።

በሩ ላይ በነጭ ቀለም የጻፉት ነገር ነበር። "ዋጋ አይቀነስም። ያልከፈተ ቁልፍ ገንዘቡ ይመለሳል።" ከሥሩ ይህንኑ በኦሮምኛ፣ ያኔ እንደሚጻፈው በዚሁ በእኛ ፊደል ደግመውታል። መርካቶ ውስጥ ዋጋ አይቀነስም ብሎ መጻፍ ጠብ መፈለግ ነው። ጨው እንኳ ተከራክረን በምንገዛበት ገበያ፣ ሰው ጽሑፉን ያነብና እንዳላነበበ ሆኖ ይገባል።

"ጋሽ ሸምሱ፣ በአላህ ይሁንብዎት ትንሽ ይቀንሱ!"

"ግማሹ የተቀረጸ ቁልፍ ከፈለግሽ በግማሽ ዋጋ እሰጥሻለሁ። በሩን ግን አያውቀውም።"

ገንዘብ ሲመልሱ ደግሞ ፊታቸው አይለወጥም። ቁልፉ አልከፈተም ካሏቸው፣ ቤቱ ቅርብ ከሆነ "በሩ ይፍረደን" ብለው አብረው ይሄዳሉ፤ ሩቅ ከሆነ አምነው ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ከሰቃ የመጣ ሰውዬ ያሠራውን ቁልፍ አምጥቶ አልከፈተልኝም አለ። ጋሽ ሸምሱ ቁልፉን ተቀብለው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡትና፣ "ወንድሜ፣ ሞረድህ ደንዝዟል። ጥርሱን ስታበላሸው አቆሳስለኸዋል። ሌላ ጊዜ ስታበላሽ ከእኔ ተዋስ፤ ጥሩ ሞረድ አለኝ" አሉት። የቆምነው ሁሉ ሳቅን። ሰውየውም አፈረ፤ ገንዘቡን ግን ይዞ ሄደ።

ባለቤቴ ተሾመ በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ቀን ቡና ሲመዝን ይውልና ማታ የእኔን አነጋገር ይመዝናል። ክርክር ይወዳል። የሽንኩርት ዋጋ ካላስቀነሰ ወጡ አይጣፍጠውም። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለችውን ቤታችንን ስንገባ ለበሩ ቁልፍ ገዝተን ነበር፤ ከሁለቱ መክፈቻዎች አንዱ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። አንድ ቅዳሜ ትርፍ ልናስቀርጽ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄድን።

"ስንት ነው?" አለ ተሾመ።

"ሁለት ብር።"

"አንድ ከሃምሳ።"

"ሁለት ብር።"

"እሺ ጋሼ፣ አንድ ከሰባ አምስት። ስሙኒ ናት የቀረችን።"

"ልጄ፣ በሩ ላይ ያለውን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ። የተጻፈ ሁሉ የሚከበር ቢሆን ኖሮ አገሩ እንዲህ ይሆን ነበር?"

ጋሽ ሸምሱ ሳቁ፤ ግን አልቀነሱም። ተሾመም ሳቀ፤ ግን አልከፈለም። እኔ ኮቱን ሳብ አድርጌ፣ "ስሙኒዋን እኔ ልጨምር" አልኩት። "ተይ፣ አንቺ አትግቢበት" አለኝ። "ሌላ ቀን ተመልሼ እከራከርዎታለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ና። ሱቁ የትም አይሄድም። ና ተከራከረኝ።"

ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር የተለያዩት። እኔ ብቻ ነኝ በአንድ ቁልፍ ቤት የምኖረው ብዬ የተናደድኩ። የመጀመሪያ ቂሜ ይህች ስሙኒ ናት። ያን ቀን ቀንሰው ቢሆን ቤቴ ሁለት ቁልፍ ይኖረው ነበር።

እኔ ለቡና ለቀማ፣ መጋዘን ፍሬ ለመለየት፣ ጠዋት በማለዳ እወጣለሁ፤ ተሾመ ከእኔ ኋላ ወጥቶ ከእኔ ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ ቁልፉ የሚውለው በእሱ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ሰው ከመንገድ፣ ከሥራ፣ ከመኪና ላይ ይወሰድ ነበር። አንድ ቀን ተሾመን ከመጋዘኑ ለሥራ ወደ ሰቃ ላኩት። ኬላው ላይ ከጭነት መኪናው አወረዱት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቁ የሚመስሉኝ ሰዎች አሉ፤ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ይረዝማል።

ከሥራ ስመለስ በሩ ዝግ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች መጣችና፣ "ሰቃ ኬላ ላይ ሰው አውርደዋል አሉ" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ቁልፉን ይዞት ሄደ?" አለች። ሰውየውን ሳይሆን ቁልፉን ጠየቀች። እሷ ቤት አሳደረችኝ፣ እራት አቀረበችልኝ፤ ይህን አልክድም። ያቺን ጥያቄ ግን አልረሳሁላትም።

በማግስቱ የሰፈሩ ወንዶች ዲጂኖ ይዘው በሩን ሊሰብሩልኝ ቆሙ። እኔ ግን ጋሽ ሸምሱን ጠርቼ ነበር። የዕቃ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"ማሎ፣ እባካችሁ ተዉ! ይህ ከተሰበረ ሌላ መግጠም ነው። ሌላ ከተገጠመ የሰውየው ቁልፍ መጥቶ ምን ይከፍታል?"

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዲጂኖውን መሬት አኖሩት። ጋሽ ሸምሱ በቀጭን ሽቦ በሩን ከፈቱት፣ መቆለፊያውን ከበሩ ፈቱት፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየሞረዱ በልኩ ቁልፍ አወጡለት። እኔ ገባሁ። ተሾመ ፂሙን የተላጨበት ውኃ ሳህኑ ላይ እንዳለ ነበር። ሳልደፋው ወጣሁና ሁለት ብር ዘረጋሁ።

"አንድ ብር ይበቃል" አሉ።

"ሁለት አይደለም እንዴ?"

"ሁለት ነው። አንዱን አንቺ፣ አንዱን እሱ።"

"እሱ የለም፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ሲመጣ ይከፍላላ።"

"እኔ ልክፈለው። ዕዳ አልወድም።"

"ልጄ፣ የሱን ድርሻ ካንቺ ከተቀበልኩ አይመጣም አልኩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም። ይምጣና ይከራከረኝ። ያችንም ስሙኒ ያኔ እንነጋገርባታለን።"

ተሾመን አስታውሰውት ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ መረቅኋቸው። ምርቃቴን መልሼ አልወስድም። ግን ምን እንደታሰረብኝ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያዋ እኔ አልነበርኩም። ለካ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ለተወሰደ ሰው ቤት ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ግማሹን ሚስት ወይም እናት ትከፍላለች፣ ግማሹ ሰውየው እስኪመጣ ይቆያል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ሳንቲም ያልቀነሱ ሰው ለእኛ ግማሽ ሲቀበሉ መርካቶ በአንድ ሳምንት አወቀው። "ግማሽ ከፋይ" የሚል ስም ወጣልን። ቡና ለቀማው ላይ ሴቶቹ በየረድፋችን ተቀምጠን ስንሠራ፣ ዘነበች ከማዶ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ኧረ ለግማሾች ቦታ ልቀቁላቸው!" ትላለች። ሁሉ ይስቃል። አንዳንዷ ሳቋን ስታበቃ ዓይኗን ታብሳለች፣ የራሷ ወንድም ከተወሰዱት መሀል ስላለ። ዘነበች ግን ማንም አልተወሰደባትም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታገኘኝ ሦስቴ ትስመኛለች። እኔም እስማታለሁ፤ ስታልፍ ግን ጉንጬን በነጠላዬ እጠርገዋለሁ።

የመቆለፊያው ምላስ መያዝ ጀመረና አንድ ቀን ነቅዬ ሱቅ ወሰድኩት። ጋሽ ሸምሱ ተቀብለው ሳይፈቱት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ስሙን አልጽፈውም። ልጆቹ ደግ ናቸው።

"ጓድ ሸምሱ፣ ዋጋ አይቀነስም ብለህ ጽፈህ ለፀረ አብዮተኛ ቤተሰብ ትቀንሳለህ አሉ።"

"አልቀነስኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ዋጋው ሁለት ብር ነው።"

"የምትቀበለው አንድ ነው።"

"አንዱ ቀሪ ነው።"

"ቀሪውን ማን ነው የሚከፍልህ?"

"እናንተ ዘንድ ያሉት ሰዎች ናቸው። ስትለቋቸው ይከፍሉኛል። እንዳይረሱ ንገሩልኝ።"

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ጋሽ ሸምሱ መቆለፊያዬን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ሱቃቸውን ቆለፉ፣ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለጎረቤታቸው ለጨርቅ ነጋዴው፣ "ማንም እንዳይሰብረው አደራ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው" ብለው በሁለቱ ጠባቂዎች መሀል ሄዱ። እኔ መቆለፊያዬን በሻሽ ጠቅልዬ መሀል መንገድ ላይ ቀረሁ። ማንን ልጠይቅ? ምን ብዬ? ሌላ ሠሪ ቢኖርም አዲስ ግዢ ነው የሚለኝ። ክረምቱን ሙሉ በሬን በገመድ እያሰርኩ ከረምኩ። ጠዋት ስወጣ አስረዋለሁ፣ ስገባ እፈታዋለሁ፤ ስፈታው የማስበው አንድ ነገር ነው። ተሾመ ዛሬ ቢመጣ ይህን ገመድ አይቶ ቤት ቀይራለች ይል ይሆን?

ጋሽ ሸምሱ ተመለሱ። ከስተው፣ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት አልታጠፍ ብሎ ተመለሱ። ሱቃቸውን ከፍተው መጀመሪያ ያደረጉት ከኪሳቸው አንድ ብር አውጥተው የራሳቸው ሣጥን ውስጥ መክተት ነበር። "ተመለስኩ፣ ከፈልኩ" አሉ። ከዚያ ወዲያ በግራ እጅ ነው የሞረዱት። የእኔን መቆለፊያ ከሁሉ አስቀድመው ሠሩልኝ። የዚህን አልተቀበሉኝም። "ቅናሽ እንዳይመስልሽ፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ። የሠራሁት ሥራ እስካለ ኃላፊነቱ የእኔ ነው" አሉኝ። እውነትም በየዓመቱ ዘይት የሚቀቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የተመለሰ ሰው አንድ አይቻለሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። ለፋኖሴ ብርጭቆ ሄጄ ተራ እየጠበቅኩ ሳለ ፂሙ ያደገ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ገባ። ከአጋሮ ነው። ሚስቱ ግማሽ ከፍላ ነበር። የራሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ አንድ ብሩን ከጎኑ አኖረና፣ "ጋሼ፣ ትንሽ አይቀንሱልኝም?" አለ።

"አልቀንስም!" አሉ ጋሽ ሸምሱ፤ "ወላሂ አልቀንስም!" ብሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እየሳቁ እንባቸው ፂማቸው ላይ ወረደ። ከሻይ ቤቱ ለቆምነው ሁሉ ሻይ አስመጡ። እኔም ብርጭቆ ተሰጠኝ። ሁሉ ሰው ያን ሰውዬ ሲያቅፍ ሻዩን ሳልጠጣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። የመጣሁበትን የፋኖስ ብርጭቆም ረስቼ።

ዓመታት አለፉ። ከተሾመ ጋር ታስሮ የነበረ አንድ ሰው ተፈትቶ ቤቴ ድረስ መጣ። አንድ ጠዋት ስሙ ተጠርቶ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም አለኝ። "ተፈታ ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ቆቡን እጁ ላይ እያዞረ መሬት መሬት አየ። በዚያው ዘመን አንድ ደህና ሰው ለትዳር ጠይቆኝ ነበር። የቡና መኪና ሾፌር ነው፤ ጨዋ ሰው። አልቸኮለም፣ አልዋሸኝም። "አስካለ፣ ከተማው ሁሉ ባሏ ይመጣል፣ ቀሪ አለበት እያለ እንዴት ገብቼ ጫማዬን አወልቃለሁ? ጋሽ ሸምሱ ቀሪውን ከተቀበሉሽ ሰው ሁሉ ይቀበላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ። መኖር እፈልግ ነበር። አንድ ብር ይዤ ወደ መርካቶ ወረድኩ።

"ቀሪዬን ልክፈል" አልኳቸው።

"ያንቺን ከፍለሻል።"

"የተሾመን።"

ሞረዱን አስቀመጡ። "መጣ?"

"አልመጣም። አይመጣም።"

"ማን አለ?"

"አብሮት የታሰረ ሰው።"

"ሞቶ አይቶታል?"

"ስሙ ተጠርቶ ወጣ አለኝ።"

"መውጣት አይደለም እንዴ የሚፈለገው?"

በዚህ ጊዜ ጮህኩ። እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። "እንግዲያው ቁልፍዎን ይውሰዱ! የከፈልኩትን አንድ ብር ይመልሱልኝና እንለያይ! ገንዘብ ይመለሳል ብለው የጻፉ እርስዎ አይደሉም?"

"በሩን ይከፍታል?"

ብሩን እጄ ውስጥ ጨበጥኩት።

"ይከፍታል ወይ፣ ልጄ?"

"ይከፍታል።"

"እንግዲህ የከፈተ ቁልፍ አይመለስም" አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። "የሱንም አልቀበልሽም። ምን ላድርግሽ? እኔ ሌላ ምን አለኝ? እነሱ ሰውየውን ወሰዱ። እኔ ያለኝ ይህች አንድ ብር ናት። እሷን ከዘጋሁ ማን ይጠብቀዋል?"

"እኔ መጠበቅ ሰለቸኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። ግራ እጃቸው ሞረዱን አነሣ፣ ግን ምንም ነገር ላይ አላሳረፈውም።

ሾፌሩ ሌላ አገባ። ልጆቹን ባየሁ ቁጥር ጋሽ ሸምሱን አስባቸዋለሁ፤ በመልካም አይደለም። ከዚያ ጩኸት በሳምንቱ ግን መቆለፊያው ሲይዘኝ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። ዘይት ቀቡልኝ። ያን ቀን ስለተባባልነው ማናችንም አላነሣንም። ደርግ ሄደ፣ እስር ቤቶቹ ተከፈቱ፣ ተሾመ አልመጣም። እሳቸውም አረጁ፣ ዓይናቸው ደከመ። በሬን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር። "ሲይዝሽ ወደ ራስሽ ሳቢው፣ ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ከዚያ አዙሪ" ብለው አስተማሩኝ።

ለቅሶ ለመድረስ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ያቺን አንድ ብር በመሀረብ ቋጥሬ ይዣለሁ። ልጃቸው ዘሃራ፣ ከትዳሯ ከአጋሮ የመጣች፣ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አታውቀኝም። ከቁርአኑ መቅራት በኋላ ጠጋ ብዬ መሀረቡን ፈታሁ።

"የኔ ልጅ፣ ይህ የአባትሽ ነው። የቁልፍ ዋጋ ቀሪ ነው።"

ዘሃራ ብሩን አየችው። አንድ ብር ዛሬ ምን እንደሆነ ይታወቃል። አልሳቀችም፤ ደህና አሳድገዋታል። ተቀበለችኝና ሌላው ሰው ገንዘብ የሚያኖርበት ሳህን ላይ አደረገችው። "አላህ ይቀበልልን፣ እማማ" አለች። ወዲያው ወደ ሌላዋ ሴት ዞረች።

ይኸው ነበር። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም። ቤቱ ውስጥ ማንም አላለቀሰልኝም፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ብሩ ሳህኑ ላይ ሌሎቹ ብሮች መሀል ጠፋ። ተሾመ ሞተ። በሰው ለቅሶ ላይ፣ ከማላውቃት ልጅ እጅ ላይ ሞተ።

"ዘሃራ" አልኳት፤ "መልሽልኝ።"

"ምን እማማ?"

"ብሩን መልሽልኝ።"

ሴቶቹ ዞር ብለው አዩኝ። አንዷ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ነካች። ከለቅሶ ቤት አንድ ብር መልሱ የምትል አሮጊት ከዚያ በፊት አላዩም መሰለኝ። ዘሃራ ፊቷ ቀላ። "ምነው፣ በደልንዎት?"

"አልበደላችሁኝም። አባትሽ ከእኔ አይቀበሉም ነበር። ከባለቤቴ ነው የሚቀበሉት። እሱ ገና አልመጣም።"

ምን እንደገባት አላውቅም። ሳህኑ ላይ ፈልጋ፣ የራሴኑ ብር ለይታ፣ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። መሀረቤን መልሼ ቋጠርኩና ወጣሁ።

ቦሳ አዲስ ስደርስ ቁልፉ አልዞር አለኝ። ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "አሁንስ ቀይሪው እንጂ! ሠሪውም ሞቷል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። በሩን ወደ ራሴ ሳብኩት፣ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፣ አዞርኩ። ከፈተ። አሁን ተሾመ ያን የድሮ ቁልፍ ይዞ ቢመጣ ይገባል። የሚከራከረው ሰው ግን አያገኝም።